ፈቃድ የከለከለው ማን ነው?

በዚህ ገጽ የለመዳችሁት የፖለቲካ ወግ ነው። ዛሬ ግን ከወትሮው መንገድ ጥቂት ወጣ ብዬ ስለ ኮምፒውተር ላወጋችሁ ነው። «ዶክተሩ ደግሞ ፖለቲካውን ትቶ ወደ ቴክኒክ ገባ» የሚል ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ሥልጣንና ስለ ኃላፊነት ነውና ከቤቴ ብዙ የራቅሁ አይመስለኝም።

በአገራችን የመሥሪያ ቤት ደጅ የጠና ሰው «አይፈቀድም» የምትለዋን ቃል ጠንቅቆ ያውቃታል። ቃሏ አጭር ናት፤ ምክንያቷ ግን አብሯት አይመጣም። ደብዳቤው ማኅተም ስለ ጎደለው ይሁን፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ስለ ሆኑ ይሁን፣ ወይስ ጉዳዩ የሌላ ክፍል ስለ ሆነ፣ ባለጉዳዩ ከቃሏ ተነሥቶ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ ከላይ ያለ ዘመድ ይፈልጋል፤ ወይ «እንዲያውም በሩ ለሁሉም ይከፈት!» ብሎ ይጮኻል። ሦስተኛም መንገድ ነበረ፤ «የከለከለኝ ማን ነው? በየትኛው ደንብ? ሊያነሣልኝ የሚችለውስ ማን ነው?» ብሎ ተራ በተራ መጠየቅ። ይህ ግን ጊዜ የሚፈጅ ስለሚመስል የሚመርጠው ጥቂት ነው።

የሊኑክስ ኮምፒውተርም እንዲህ ያለ አጭር መልስ አለው። አንድ ስክሪፕት፣ ማለትም ማሽኑ በተራ እንዲፈጽማቸው የምንፈልጋቸውን ትእዛዞች የያዘ ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ አዘጋጅተን «ሥራ» ብለን ስናዘው፣ «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚል የሁለት ቃላት የእንግሊዝኛ መልእክት ይወረውርልንና ዝም ይላል። በዚህ በኩል ማሽኑና ቢሮው ይመሳሰላሉ። የሚለያዩበት ነጥብ ግን ትልቅ ነው። ማሽኑ ምክንያቱን ከመልእክቱ ጋር ባይነግረንም አይደብቀውም። ደንቡ ተጽፎ የተቀመጠ ነው፤ የት እንደ ተጻፈ የሚያውቅ ሁሉ ሄዶ ያነበዋል። ለማንም ዘመድ ሲባልም አይለወጥም።

ደንቡ ከየት መጣ? ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብራቶሪ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት ሲጀምሩ ኮምፒውተር ውድ ዕቃ ነበር። ዛሬ እያንዳንዳችን በየኪሳችን እንደምንይዘው አልነበረም፤ ብዙ ሰው አንድ ማሽን ይጋራ ነበር። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ደግሞ የማን ዕቃ የማን እንደ ሆነ፣ ማን ምን መንካት እንደሚችል መወሰን ነበረባቸው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ይፋ ሲያደርግ የተከተለው ይህንኑ የዩኒክስ ልማድ ነው። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ የተጫነ ሊኑክስ እንኳ የሚያስበው የጋራ ቤት እንደሚያስተዳድር ሆኖ ነው።

ደንቡ ቀላል ነው። ፈቃዶቹ ሦስት ናቸው፦ ማንበብ፣ መጻፍና ማስፈጸም። ተፈቃጆቹም ሦስት ናቸው፦ የፋይሉ ባለቤት፣ ፋይሉ የተመደበለት ቡድን፣ ከዚያ ውጭ ያለው ሌላው ሰው ሁሉ። ለማንበብ 4፣ ለመጻፍ 2፣ ለማስፈጸም 1 ቁጥር ተሰጥቷል። እነዚህን ደምሮ ለሦስቱ ተፈቃጆች በቅደም ተከተል መጻፍ ነው። 640 ማለት ባለቤቱ ያነባል ይጽፋልም፣ ቡድኑ ያነባል ብቻ፣ ሌላው ምንም የለውም ማለት ነው። 755 ማለት ባለቤቱ ሁሉን ያደርጋል፣ የቀረው ሰው ያነባል ያስፈጽማልም እንጂ አይለውጥም ማለት ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛችን ነገር ይደንቀኛል። የመንግሥትን ሥልጣን ስንከፍል ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ እንላለን። በማሽኑም ዘንድ ስክሪፕቱን የሚጽፈው አንድ ነው፤ የማስፈጸሙ ፈቃድ ራሱን የቻለ ሌላ ነገር ነው፤ ስክሪፕቱን መስመር በመስመር እያነበበ ወደ ተግባር የሚቀይረው ፕሮግራም፣ ባሽ ይሁን ፓይተን፣ በሙያው ቋንቋ የሚጠራበት ስም ትርጉሙ «ተርጓሚ» ነው። አንድን ነገር የጻፈ ሰው ስለ ጻፈው ብቻ የማስፈጸም ሥልጣን አያገኝም። አዲስ የጽሑፍ ፋይል ሲፈጠር የመነሻ ፈቃዱ ቢበዛ 666 ነው፤ በውስጡ የማስፈጸም 1 ቁጥር የለችም። ባለቤቱ አስቦበት «ይህ ይፈጸም» ብሎ ካልጨመረላት አትመጣም። የአገራችን ሰው «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይላል፤ ማሽኑ እንዲህ ያለውን አገልጋይ እንዳይሆን ተደርጎ ነው የተሠራው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት በሥራዬ ያጋጠመኝን አንድ ነገር ለማውጋት ነው። የማማክራት አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበረችኝ። የጥናቷ ርእስ የመሬት ይዞታ ነው። ከሁለት መቶ በላይ አባወራዎችና እማወራዎች አነጋግራለች። ማን መሬቱን ለካው፣ ማን ካርታ አገኘ፣ ማን ተነጠቀ፣ ለማን ምን ተከፈለ የሚሉ ጥያቄዎች ናቸው። የተጠየቁት ሰዎች ስማቸው ከማንም ዘንድ እንደማይደርስ ቃል ስለ ተገባላቸው ተናገሩ። ቃሉን የገባችው እርሷ ናት፤ ከጀርባዋ ደግሞ እኔም አለሁበት። መረጃው በትምህርት ክፍላችን ሰርቨር ላይ ተቀምጧል፤ ሰርቨሩን መምህራኑም ተማሪዎቹም ይጋሩታል።

መረጃውን ለሌሎች የጥናቱ ተባባሪዎች ከማስረከቧ በፊት አንድ ስክሪፕት ማስኬድ ነበረባት። የስክሪፕቱ ሥራ ስሞቹን፣ የጎጦቹን መጠሪያና የስልክ ቁጥሮቹን እየፈለገ በመለያ ቁጥር መተካት ነው። ማስረከቢያው ረቡዕ ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮዬ መጣች።

«ዶክተር፣ ማሽኑ እምቢ አለኝ» አለችኝ።

«ምን ብሎ?»

«ፈቃድ የለሽም ይላል። የራሴን ፋይል! ራሴ የጻፍሁትን!»

«እስካሁን ምን አደረግሽ?»

«ምንም። ልጆቹ ፎልደሩን በሙሉ 777 አድርጊው አሉኝ። አንዱ ደግሞ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ አለ፣ በሱዱ አስኪጂው አለኝ። ቢሆንም መጀመሪያ እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ጎበዝ፤ ደግ አደረግሽ» አልኋት። ሁለቱ ምክሮች በየትም አገር፣ ሊኑክስ ባለበት ቦታ ሁሉ የሚሰጡ ናቸው። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ መልእክቱን ከፊታችን ያስወግዱታል። አደጋቸውም እዚያው ላይ ነው።

መጀመሪያ 777ን እንመልከት። ለባለቤቱ ሁሉም፣ ለቡድኑ ሁሉም፣ ለሌላውም ሁሉም ማለት ነው። በዚያ ሰርቨር ላይ መግቢያ ያለው ማንኛውም ሰው የእነዚያን ገበሬዎች ስምና የተናገሩትን ማንበብ ይችላል፤ ማንበብ ብቻም አይደለም፣ የተናገሩትን መለወጥም ይችላል። ከዚህ የከፋ ሌላም አለ። ስክሪፕቱን ማንም ሊጽፍበት ከቻለ፣ ሌላ ሰው በመካከሉ አንድ መስመር ሊያስገባ ይችላል፤ ያ መስመር ደግሞ የሚፈጸመው ስክሪፕቱን ባስኬደው ሰው ሥልጣን ነው። የተማሪዋ ጣት ሲጫን የሌላ ሰው ፈቃድ ይፈጸማል ማለት ነው። ስሞቹን ለመሰወር የተጻፈ ስክሪፕት እንዲሠራ ተብሎ ስሞቹ ለሁሉ ሊገለጡ ነበር።

ሁለተኛው ሱዱ ነው። በዩኒክስና በሊኑክስ ዓለም ከሁሉ በላይ የሆነ አንድ ተጠቃሚ አለ፤ «ሩት» ይባላል፣ ሥር ማለት ነው። ተራው የማንበብና የመጻፍ ክልከላ እርሱን አያቆመውም። ሱዱ ደግሞ ለአንድ ትእዛዝ ያህል የዚህን ተጠቃሚ ካባ የሚያውስ ፕሮግራም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በኒውዮርክ ግዛት ዩኒቨርሲቲ የበፋሎ ግቢ የተጻፈ ነው። አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠቀምበት በብዙ ማሽኖች ላይ ሦስት ምክሮች ያሉት አጭር ማሳሰቢያ ያሳየዋል። የመጀመሪያው ምክር የሌሎችን ግላዊነት ማክበር ነው። ማሳሰቢያውን አንብቦ የሚያውቅ ተማሪ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

በሱዱ የተኬደ ስክሪፕት የሚፈጥራቸው ፋይሎች ባለቤታቸው ሩት ይሆናል። በማግስቱ ተማሪዋ የራሷን የውጤት ፋይል ለማረም ስትሞክር እንደገና «ፈቃድ ተከልክሏል» ይላታል። ያን ጊዜ ደግሞ ሱዱ ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ ያለ ሱዱ የሚሠራ ነገር አይኖርም። በስክሪፕቱ ውስጥ አንዲት የፎልደር ስም ብትሳሳት ደግሞ ተራ ተጠቃሚ የሚያጠፋው የራሱን ነው፤ ሩት ግን የሁላችንንም ያጠፋል። የይለፍ ቃሉን «የሚያውቅ ልጅ አለ» የሚለው ነገርም ለብቻው የሚያስጨንቅ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የበላውን ለማሞገስ ባይሆንም፣ ሥልጣን በእጁ የገባ ሰው ሳያስፈልገው እንደሚጠቀምበት ግን አባቶቻችን አስቀድመው ያዩት ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ትተን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለን ጀመርን። ይህ ቅደም ተከተል ለሌላውም ሊጠቅም ስለሚችል በዝርዝር ልጻፈው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «እኔ ማን ነኝ?» የሚል ነው። «አይዲ» የምትባለው አጭር ትእዛዝ ማሽኑ በምን ስም እንደሚያውቀንና በየትኞቹ ቡድኖች ውስጥ እንዳለን ትነግረናለች። ብዙ ሰው ይህን ይዘልለዋል። ቡድን ውስጥ ዛሬ የተጨመረ ሰው ወጥቶ እንደገና እስኪገባ ድረስ አዲሱ አባልነት እንደማይሠራለትም ማወቅ ይገባል።

ሁለተኛው «ፋይሉ የማን ነው? ምን ምንስ ተፈቅዷል?» ነው። «ኤልኤስ» ከሰረዝና ከኤል ጋር ሲጻፍ ሙሉውን ያሳያል። ተማሪዋ ስክሪፕቱን በዊንዶውስ ላፕቶፕዋ ጽፋ በኔትወርክ ወደ ሰርቨሩ የላከችው ነበር፤ ባለቤቱ ራሷ ናት፤ ማንበብና መጻፍ አላት፤ ማስፈጸም ግን የለም። «ቻሞድ» በተባለው ትእዛዝ ለባለቤቱ ብቻ የማስፈጸም ፈቃድ ጨመረች። ልብ በሉ፣ ይህን ማድረግ የሚችለው ባለቤቱ ወይም ሩት ብቻ ነው፤ በፋይሉ ላይ መጻፍ የተፈቀደለት የቡድን አባል እንኳ ፈቃዱን መለወጥ አይችልም። እንደገና ሞከረች። ማሽኑ አሁንም «ፈቃድ ተከልክሏል» አለ። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ 777 የሚሮጠው እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ «መንገዱስ?» የሚል ነው። በፎልደር ላይ የማስፈጸም ፈቃድ ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ማለፍ መቻል ማለት ነው። ፋይሉ ምንም ቢፈቀድ፣ ከላይ ካሉት ፎልደሮች አንዱ ካላሳለፈ አይደረስበትም። ዕቃ ቤቱ ክፍት ሆኖ የግቢው በር እንደ ተቆለፈ ቁጠሩት። «ኔምአይ» የሚባል ትእዛዝ ከሥር ጀምሮ እያንዳንዱን ፎልደር ከነፈቃዱ ይዘረዝራል። በእርሷ በኩል መንገዱ ክፍት ነበረ።

አራተኛው «ፋይሉ የተቀመጠው በምን ዓይነት ዲስክ ላይ ነው?» ይላል። አንድ ዲስክ ከሥርዓቱ ጋር ሲገናኝ «በዚህ ላይ ያለ ነገር አይፈጸም» የሚል ቅድመ ሁኔታ ሊጻፍበት ይችላል፤ ስሙ «ኖኤግዜክ» ነው። ያን ጊዜ በፋይሉ ላይ ያለው የማስፈጸም ፈቃድ ምንም አይጠቅምም። ተማሪዎቻችን የሚይዙት ፍላሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ አብዛኛው የተዘጋጀበት የፋት አሠራር የዩኒክስን ባለቤትነትና ፈቃድ የሚመዘግብበት ቦታ ስለሌለው ቻሞድ ቢደረግበትም ለውጡ አይያዝም። «ፋይንድማውንት» በተባለው ትእዛዝ ስናይ መልሱ ተገኘ። የመረጃው ዲስክ በኖኤግዜክ የታሠረ ነበር።

የሰርቨሩን ኃላፊ ደወልሁላቸው። ጨዋ ሰው ናቸው። «ሆን ብዬ ነው ያደረግሁት፣ ዶክተር» አሉኝ። «ያ ዲስክ የመረጃ ማስቀመጫ ነው። መረጃው ከየወረዳው በፍላሽ ነው የሚመጣው፤ ከፍላሹ ጋር ምን ተሳፍሮ እንደሚመጣ ማን ያውቃል? ፕሮግራሙን በራሷ ፎልደር ታስቀምጠውና መረጃውን ከዚያ ሆና ታንብብ።» ያሉት ትክክል ነው። ክልከላው ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱም የእነዚያኑ ገበሬዎች መረጃ መጠበቅ ነው። በእርግጥ «ባሽ» ብሎ ተርጓሚውን በስም ጠርቶ ስክሪፕቱን እንዲያነብ መስጠትም ይቻላል፤ ያን ጊዜ የሚፈለገው የማንበብ ፈቃድ ብቻ ስለሆነ ኖኤግዜኩ አያግደውም። እኛ ግን ኃላፊው ያጠሩትን አጥር በጓሮ ዞሮ ከማለፍ በበሩ መግባትን መረጥን።

ስክሪፕቱ ወደ ግል ፎልደሯ ተዛወረ፤ ፈቃዱም 700 ሆነ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር መልእክቱ ተለወጠ። አሁን የሚለው «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ነው። እርሷ ደነገጠች፤ እኔ ግን ደስ አለኝ፤ የፈቃዱ ጉዳይ አልቆ ወደ ተርጓሚው መድረሳችንን የሚያሳይ ነውና። የስክሪፕት የመጀመሪያ መስመር በሃሽ ምልክትና በቃለ አጋኖ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የተርጓሚው አድራሻ ይጻፋል። ዴኒስ ሪቺ ይህን ዘዴ በዩኒክስ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ዊንዶውስ ግን በየመስመሩ መጨረሻ ላይ ከሊኑክስ ይልቅ አንዲት የማትታይ ምልክት ይጨምራል። ማሽኑ ያችን ምልክት የተርጓሚው ስም አካል አድርጎ ስለሚያነባት፣ በዚያ ስም የሚጠራ ተርጓሚ ፈልጎ ያጣል። «ዶስ ቱ ዩኒክስ» በተባለው ትንሽ ፕሮግራም ምልክቶቹ ጠፉ። ስክሪፕቱ ሠራ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስሞቹ ቁጥር ሆኑ። የጥሬው መረጃ ፎልደር እንደ ታጠረ ቀረ፤ ለተባባሪዎቹ የተላከው ስም የሌለበት ቅጂ ብቻ ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊዎች አንድ ነገር ልጨምር። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 እትም ነው። በዊንዶውስ ኖትፓድ አማርኛ የጻፈ ሰው ፋይሉን በዩኒኮድ ማስቀመጥ ግድ ይሆንበታል፤ ለብዙ ዓመታትም ኖትፓድ ዩቲኤፍ ስምንት ብሎ ሲያስቀምጥ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ሦስት የማይታዩ ባይቶችን ይተክል ነበር። እነዚያ ባይቶች ከሃሽ ምልክቷ ፊት ስለሚቆሙ የመጀመሪያው መስመር አይታወቅም። በስክሪፕቱ ውስጥ የአማርኛ ስሞች ያሉበት ሰው ይህን ቢመረምር ድካም ይቀንስለታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልተፈታ ደግሞ፣ ከፈቃዶቹ ዝርዝር ጎን የመደመር ምልክት ካለ ተጨማሪ የፈቃድ መዝገብ አለና «ጌትፋክል» በተባለው ትእዛዝ ይታያል፤ በሬድ ሃትና በፌዶራ ማሽኖች ላይም ኤስኢሊኑክስ የተባለ ሌላ ጠባቂ ሊኖር ይችላል። ሥራው ሲወድቅ የሚመለሰው ቁጥርም ይረዳል፦ 127 ትእዛዙ አልተገኘም፣ 126 ተገኝቷል ነገር ግን ሊፈጸም አልቻለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ለመድነው ወግ ልመለስ። ይህን ሥርዓት ብዙ ዓመት ስጠቀምበት ከፖለቲካ መጻሕፍት ባልተናነሰ ያሳሰቡኝ አራት ደንቦች አሉት።

አንደኛው፣ ሁሉን ቻዩ ሩት እንኳ የማይችለው ነገር አለ። በአንድ ፋይል ላይ ለባለቤቱም ለቡድኑም ለሌላውም የማስፈጸም ፈቃድ ጨርሶ ካልተሰጠ፣ ሩት ራሱ በቀጥታ ሊያስኬደው ቢሞክር «ፈቃድ ተከልክሏል» ይባላል። ሊያነበው ይችላል፤ ሊለውጠው ይችላል፤ ለማስፈጸም ግን መጀመሪያ «ይህ የሚፈጸም ነው» ተብሎ በግልጽ መጻፍ አለበት። ራሱ ሊጽፈው ይችላል፤ ነገር ግን ሳይጻፍ አይሆንም። በቃል ትእዛዝ ብቻ አገር ሲተዳደር ላየ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው፣ ማሽኑ መብትን የሚመለከተው በቅደም ተከተል ነው። ባለቤት ከሆንህ የባለቤቱን መስመር ብቻ አይቶ ይፈርዳል፤ ወደ ሌሎቹ አይሻገርም። ስለዚህ 077 በተባለ ፋይል ላይ ጎረቤቱ ሁሉ እየገባ እየወጣ ባለቤቱ ብቻ ይከለከላል። እንዲህ ዓይነት ፋይል በማሽን ላይ እምብዛም አይገኝም። በመሬት ላይ ግን የተማሪዬ ጥናት ውስጥ ካሉት አባወራዎች ጥቂቶቹ ያወሩት ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው፣ አንድን ፋይል ለመሰረዝ በፋይሉ ላይ ፈቃድ አያስፈልግም፤ ፋይሉ ያለበት ፎልደር ላይ የመጻፍና የማለፍ ፈቃድ ይበቃል። ሰነዱን የማንበብ መብት የሌለው ሰው ሰነዱን ሊያጠፋው ይችላል። ሁሉም ሰው በሚጽፍበት የጋራ ጊዜያዊ ፎልደር ላይ «ባለቤቱ ካልሆነ ማንም አያጥፋ» የሚል ልዩ ምልክት የተጨመረው ለዚህ ነው። ስለ መዝገብ ቤቶቻችን ስናስብ ማን ሰነዱን ያያል ከማለት ጋር መዝገብ ቤቱን ማን ይዞታል ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

አራተኛው፣ ሥልጣን ለአንድ ሥራ ብቻ ተቆርሶ ሊሰጥ ይችላል። ተራ ተጠቃሚ የይለፍ ቃሉን ሲለውጥ፣ ለውጡ የሚጻፈው ሩት ብቻ በሚነካው ፋይል ላይ ነው። የሚችለውም ያንን አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ለዚያች ቅጽበት የባለቤቱን ሥልጣን ስለሚለብስ ነው። የዚህ ዘዴ ፈጣሪ ዴኒስ ሪቺ ነው፤ የአሜሪካ ፓተንትም እ.ኤ.አ. በ1979 ተሰጥቶበታል። ሊኑክስ ግን ይህን ምልክት በስክሪፕቶች ላይ ሲያገኘው አይቀበለውም፤ ስክሪፕት ለመታለል የቀለለ ነውና። ዜጋው የራሱን ጉዳይ እንዲጨርስ ሥልጣን ይዋሳል፤ የሚዋሰው ግን ለጉዳዩ ልክ ነው።

በአገራችንም ደንቡ በጽሑፍ የለም ማለት አይቻልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ደንግጓል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ነገር ግን አዋጁ በየቢሮውና በየትምህርት ክፍሉ በሥራ የሚተረጎመው አንድ ሰው ሰርቨር ፊት ተቀምጦ 640 ወይም 777 ብሎ ሲጽፍ ነው። ያ ሰው ብዙውን ጊዜ ሕግ ያጠና አይደለም፤ የቸኮለ ተማሪ ወይም የደከመው ባለሙያ ነው። ስለዚህ የግል መረጃ ጥበቃን ከሕግ ክፍል ውጭም፣ ኮምፒውተር በሚማሩት ዘንድም ማስተማር አለብን እላለሁ።

ክልከላ ሁሉ ግፍ አይደለም። የዚያ ዲስክ ክልከላ የደሀ ገበሬን ስም ጠብቋል። ፈቃድ ሁሉም ነጻነት አይደለም፤ 777 ስሙን አሳልፎ ይሰጠው ነበር። ከሁለቱም በላይ የሚያስፈልገን፣ የተከለከለው ሰው ምክንያቱን ፈልጎ የሚያገኝበት፣ የሚያነሣለትንም ሰው የሚያውቅበት ሥርዓት ነው። እኛ ግን በፖለቲካችን «ይከፈት» እና «ይዘጋ» እየተባባልን ስንት ዘመን ኖርን! «ለማን? ምን ምን? እስከ የት?» የሚሉትን ጥያቄዎች ገና በቅጡ አልጀመርናቸውም።

ማሽኑ ፊት ተቀምጣችሁ ያ የሁለት ቃላት መልእክት ሲመጣባችሁ አትናደዱ። ማን እንደ ሆናችሁ፣ ፋይሉ የማን እንደ ሆነ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን፣ ዲስኩ ምን እንደሚል፣ ተርጓሚው በትክክል መጠራቱን በተራ ጠይቁ። ያጋጠማችሁን ሌላ ምክንያት ብትጽፉልኝ ለተማሪዎቼ አካፍለዋለሁ።

ለዛሬው በዚሁ ላብቃ። በሌላ ወግ እስክንገናኝ ቸር ያሰንብተን።